የእትዬ እንኳየሁ መጋረጃ

ታከለ እባላለሁ። የደጋው የመካነ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ባጃጅ እነዳለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስት ነው፤ ሰባትን ከበሩ ላይ ሰላም ብያት ተመለስኩ። ስለዚህ እኔ ምክር ልስጥ ስል የሚስቅ ካለ ይሳቅ፣ አልቀየምም። ግን ይቺን ነገር በዐይኔ አይቻታለሁ፣ በእጄም አበላሽቻታለሁ። ከኔ የተሻለ የሚያወራት ሰው የለም።

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ቀን፣ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ፒያሳ ሰው አውርጄ ስመለስ ሽንቴ መጣና ከአንድ ዳቦ ቤት ጓሮ ወዳለች ጠባብ መተላለፊያ ገባሁ። አንድ ሰፊ ጀርባ ቀድሞኛል። ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ቆሟል። እሱም እንደኔ የቸኮለ መስሎኝ ዞር ልልለት ስል ክርኑን አየሁት፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ሰውየው እየበላ ነው። ትኩስ ዳቦ፣ ያለ ሻይ፣ ያለ ወጥ። በብብቱ ደግሞ ሌላ አራት በፌስታል ይዟል።

«አያ፣ ምነው ግንቡን ታጎርሰዋለህ? እሱ እኮ ጥርስ የለውም» አልኩ።

ዞር ሲል አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ሆኖ አረፈው! የአከራዬ የእትዬ እንኳየሁ አንድ ልጅ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ፒያሳ ለካህናት ካባ ይሰፋል። የዚያን ዕለት ጠዋት እናቱ አጥር ላይ ቆመው ለጎረቤት «የኔ ልጅ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሌባ ሲያዝ እንኳ እንደዚያ አይደነግጥም።

«ታኬ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ለእማዬ እንዳትነግር!»

«ምኑን? ዳቦ መብላትህን? ሰው ገድለህ መሰለኝ እኮ!»

«አትሳቅ። ይሄ ስድስተኛዬ ነው። አልራበኝም። ከሁለተኛው በኋላ ጣዕሙም አይታወቀኝም። እጄ ነው የሚሄደው፣ እኔ አይደለሁም።»

«እና አቁመዋ!»

«እሺ፤ አንተ ደግሞ ማስነጠስህን አቁም» አለኝና ፌስታሉን ካፖርቱ ሥር ከትቶ ሄደ።

እኔ ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቅናት ነው።

የእትዬ እንኳየሁ ግቢ ሦስት በር አለው። ትልቁ የእሳቸውና የልጃቸው ነው፣ አንዷ ክፍል የኔ ናት፣ ሌላዋ ጤና ጣቢያ የምትሠራው የነርሷ የወንጌላዊት ናት። እትዬ ደግ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ሁላችንንም ምሳ ይጠሩናል። ለልጃቸው ግን ሌላ ሕግ አለ። ሳሎኑ ጥግ ላይ አበባ ያለበት ቀይ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ኃይለ ጊዮርጊስ ጡት ከተወ ጀምሮ የሚበላው ከዚያ ጀርባ ነው። «ልጄ ሕፃን ሆኖ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ነበር፤ የሰው ዐይን እንዳይበላው ብዬ ጋረድኩት» ይላሉ። ልጁ ጢም አበቀለ፣ መጋረጃው አልወረደም። እኛ ወዲህ ሆነን ሽሯችንን ስንልስ ከወዲያ የቅቤ ሽታ ይመጣል። የእትዬ እጅ በመጋረጃው ክፍተት ትገባለች፤ «በሞቴ!» ትመለስና ትሞላለች፤ «በአባትህ አጥንት!» እንደገና ትገባለች።

እኔ እናቴ የሞተችው በአምስት ዓመቴ ነው። በዚያች እጅ እንዴት እንደምቀና ለማን ልናገር! አንገቴ ሳላውቀው ወደዚያ ይዞራል፤ እትዬ ደግሞ ያያሉ። «አንተ ደገኛ፣ ዐይንህን ከልጄ ሳህን ላይ አንሳ!» ይሉኛል። በቃ፣ የግቢው ዐይነ ክፉ እኔ ሆንኩ። ኃይለ ጊዮርጊስን ራሱን ቢያመው እኔ ነኝ። መርፌ ቢወጋው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ያን ምሥጢር ስይዝ ደስታዬ ወሰን አጣ። ባገኘሁት ቁጥር «ጿሚው! ግንቡ ደኅና ነው?» እለዋለሁ። እንዲህ ሳምንት ሙሉ ስወጋው ሰውየው ጨነቀው። እኔ ሳልናገር ልቅደም አለና ራሱ ሄዶ ሁሉንም ተናገረ። ለማን? ለወንጌላዊት!

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ወንጌላዊትን ያየ ሰው ሳያመው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሦስቴም ደኅና ነህ ብላ መለሰችኝ። እሱ ግን ይኸው በእኔ ምላስ ተገፍቶ እቅፏ ውስጥ ወደቀ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ሁለቱ አብረው በእግራቸው ይወጣሉ። እኔ ባጃጅ እያለኝ እሱ በእግሩ ቀደመኝ! ሞተሩን ቀንሼ ከኋላ ከኋላቸው እሄዳለሁ። ሲሳሳሙ አያለሁ ብዬ ነበር። የምሰማው ግን «ዛሬ ስንተኛ ቀን ነው?»፣ «አሥራ አንደኛ»፣ «ምሳህን በሰዓቱ በላህ?»፣ «በላሁ»፣ «በዳቦ ቤቱ በኩል አላለፍክም?»፣ «ዞሬ ነው የመጣሁት» ነው። ምን ዓይነት ፍቅር ነው ይሄ? ብዬ ባሰብኝ።

ሀያ ሁለተኛው ቀን እሑድ ዋለ። ምሳ ቀርቧል። የእትዬ እጅ በክፍተቱ ገባች። «በሞቴ!»

ከወዲያ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ። «ይበቃኛል እማዬ።»

ያቺ እጅ እዚያው ቀረች። ሁላችንም ማኘክ አቆምን። እትዬ መጋረጃውን ገለጡና ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ወንጌላዊት ዞሩ።

«አንቺ ነሽ ይበቃኛል ያስባልሽው?»

ወንጌላዊት ሳህኗን መሬት አስቀመጠች። «እትዬ፣ ቢፈቅዱልኝ ላስረዳዎት።»

«አስረጂኝ እንጂ! ወልጄ ያሳደግኩት ልጅ እንዴት እንደሚበላ አስረጂኝ።»

«ልጅዎ ታሟል። ስኳሩ ከፍ ማለቱን ያውቃሉ፤ ክኒኑን የሚያስታውሱት እርስዎ ነዎት። ከስኳሩ ጀርባ ግን ሌላ ነገር አለ። ሳይርበው ይበላል። ጠግቦ ማቆም ያቅተዋል። ይደበቃል፣ ያፍራል፣ ሲያፍር ደግሞ ተመልሶ ይበላል። አንዳንድ ሐኪሞች የምግብ ሱስ ይሉታል። በስሙ የሚከራከሩ አሉ፤ በስቃዩ ግን የሚከራከር የለም።»

«ሱስ! ልጄ ጫት ቃመ? አረቄ ቤት አደረ? እህል እኮ ነው! እህል የእግዜር ነው!»

«ጠላስ ከምን ይጠመቃል እትዬ?»

«ከገብስ።»

«ገብስም የእግዜር ነው። ግን ጠላ አሸንፎት ልጆቹን የረሳ ሰው አያውቁም?»

«ሞልቷል፤ እዚሁ ሰፈር ልቁጠርልሽ።»

«ተው ሲሉት ተወ?»

 እትዬ መሸነፍ አያውቁም። «እሱስ መጠጡን ይተው። የኔ ልጅ እህል ይተው ልትዪኝ ነው?»

«አይተውም። ከመጠጥ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ጠጪው ጠላ ቤቱን ዞሮ ያልፋል። የእሱ ጠላት ግን በቀን ሦስት ጊዜ አብሮት መሶብ ይቀርባል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው፤ በሰዓቱ፣ ተቀምጦ፣ ከሰው ጋር፣ በግልጽ መብላት። የሚያሸንፉትን ደግሞ፣ ትኩስ ዳቦውን፣ ቦንቦሊኖውን፣ ጣፋጩን፣ ለጊዜው ከቤት ማራቅ።»

«በግልጽ? ሰው እያየው? ይሄ እያየው?» አሉና በአገጫቸው ወደኔ ጠቆሙ።

«እኔ ምን አደረግኩ?» አልኩ፣ ጉርሻዬን እየዋጥኩ።

«ዝም በል! አፍህ ዝም ቢል ዐይንህ ይናገራል።»

ወንጌላዊት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ ይሄ መጋረጃ ዐይን ከልክሎለት ይሆናል። ግን አንድ ትምህርት ሰጥቶታል፤ መብላት የሚደበቅ ነገር ነው የሚል። ዛሬ ዳቦ ቤት ጓሮ ግንብ ፊት ቆሞ ሲበላ፣ ያ ግንብ ይሄው መጋረጃ ነው።»

ምነው ባልተናገረች። የእትዬ ፊት ነደደ።

«ለልጄ ያሰብኩትን ወንጀል አደረግሽብኝ! እኔ እሱን ሳጎርስ አንቺ መች ተወለድሽ? አሁን ገባኝ። ቀንተሽ ነው! በእናትና በልጅ መሃል ቀንተሽ ገባሽ። እጄን ከልጄ አፍ ላይ ለማንሳት ማን ሾመሽ? ወሩ ሲያልቅ ክፍሌን ትለቂልኛለሽ!»

ይቺን ልብ በሉልኝ። እሳቸው ራሳቸው እየነደዱ እሷን ቀናሽ አሏት። ቅናት እንዲህ ናት፤ የራሷን ሽታ ሰው ላይ ታሸታለች። እኔም እዚያው ተቀምጬ፣ እሱን በዐይኔ እየበላሁ፣ በሌላው ቅናት እፈርዳለሁ!

ኃይለ ጊዮርጊስ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ተናገረ። «እማዬ፣ እሷ ከሄደች እኔ እንደ አባዬ ነው የምሆነው።»

አባቱ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በስኳር ነው የሞቱት፤ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። መጀመሪያ ጣታቸው ተቆረጠ፣ ቀጥሎ እግራቸው፣ ከዚያ ራሳቸው ሄዱ።

«የአባትህን ስም በዚህ ነገር አታንሳ!» አሉ እትዬ። ጉርሻው ከእጃቸው ወደቀ። ጓዳ ገቡና በሩን ዘጉ። ያ ስም ለምን እንደዚያ እንዳቃጠላቸው ያኔ አልገባኝም። ያኔ እኔ የማስበው ሌላ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢወድቅ፣ ወንጌላዊት ትንቀዋለች፣ ቀና ስትል ደግሞ እኔን፣ ሸንቃጣውን፣ ታያለች።

እንግዲህ ኃጢአቴን ስሙ። በነጋታው ሰኞ እትዬ ለቅሶ ሄደው ነበር። አሥራ ሁለት ትኩስ ቦንቦሊኖ ገዛሁ፤ ስኳሩ ይንጠባጠባል። ከመጋረጃው ጀርባ፣ እሱ ከሚቀመጥባት ዱካ ላይ አስቀመጥኩና ሄጄ ከመስኮቱ ውጭ ተደበቅኩ። ልስቅ ነው የመጣሁት።

ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ መጣ። ሽሮና ጎመኑ ተከድኖ ጠብቆታል። ዱካውን ሊያነሳ መጋረጃውን ሲገልጥ ፌስታሉን አየ። ብዙ ቆመ። ስልኩን አወጣና ደወለ። ለማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወንጌላዊት ሥራ ላይ ናት፣ አላነሳችም። ደግሞ ደወለ። አላነሳችም። ስልኩን ኪሱ ከተተና መጋረጃውን ከኋላው ሳበ። ከሰው ተጋረደ፤ መስኮቱ ግን በእኔ በኩል ክፍት ነው።

የመጀመሪያውን ቀስ ብሎ በላ። ከአራተኛው በኋላ ማኘክ ተወ። ስኳሩ ጢሙ ላይ፣ ዕንባው ስኳሩ ላይ። እያለቀሰ ይበላል። አሥራ ሁለቱንም ጨረሰ። ከዚያ ባዶ ፌስታሉን ዳር ከዳር ገጥሞ፣ ልብስ ሰፊ አይደል፣ አሳምሮ አራት ቦታ አጠፈና ካልሲው ውስጥ ደበቀው። ሲጨርስ ራሱን በጥፊ መታ። አንዴ አይደለም።

የመጣሁበት ሳቅ ሳይመጣ ቀረ። ሰውየውን እኮ በእናት ጉርሻ የተቀማጠለ፣ የጠገበ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ የተራበ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ የባሰው መጣ። ኃይለ ጊዮርጊስ ለእናቱ «ሱባኤ ገብቻለሁ» አላቸውና ክፍሉን ዘጋ። ለበላው ራሱን ሊቀጣ ነው። እትዬ ደስ አላቸው፤ «ልጄ ወደ እግዜሩ ተመለሰ፣ ያቺ ነርስ አፈረች!» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። እህል አልቀመሰም፤ የስኳር ክኒኑን ግን እናቱ በበር ሥር ያቀብሉታል፣ ይውጣል። ረቡዕ ጠዋት ግቢው በር ላይ እንደ ጆንያ ተዘረረ። ላቡ ቀዝቃዛ ነው፣ ምላሱ ይተሳሰራል። እኔና ጎረቤት ተሸክመን ባጃጅ ላይ ጫንነው። መሪውን እንዴት እንደያዝኩ እኔም አላውቅም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ጣቱን ወግተው ለኩ። ስኳሩ ወርዶ ወርዶ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። «ክኒን በባዶ ሆድ!» አለች ወንጌላዊት፣ በደም ሥሩ ግሉኮስ እየሰጠችው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዐይኑን ገለጠ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

«ታኬ» አለኝ፣ «ባንተ እንዴት እንደምቀና ታውቃለህ?»

«በኔ? ምኔ ይቀናበታል? ባጃጇ እንኳ የሰው ናት።»

«አንተ ግማሽ ዳቦ ትበላና ግማሹን ትረሳዋለህ። አንድ ቀን ባጃጅህ መስታወት ሥር ደርቆ አየሁት። ዳቦ የሚረሳ ሰው! ያን ቀን ሙሉ ካባ ስሰፋ የማስበው ያንተን ግማሽ ዳቦ ነበር። ምነው እኔንም እንደዚያ ባደረገኝ፣ ምነው ዳቦ ዳቦ ብቻ በሆነልኝ እል ነበር።»

እስቲ አሁን ምን ይባላል? እኔ በጉርሻው ስቀና እሱ በደረቅ ዳቦዬ ይቀናል።

ያኔ እትዬ እንኳየሁ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ደረሱ። ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ጣታቸውን ቀሰሩ።

«አንተ ነህ! ዐይንህ ነው የጣለው! ነግሬህ ነበር!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ያን ጊዜ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ያ የታጠፈ ፌስታል ከዐይኔ አልጠፋ አለ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ዐይኔ ምንም አላደረገም። እጄ ነው ያደረገው።» ቦንቦሊኖውን፣ መስኮቱን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። «ቀንቼ ነው። በአንቱ ጉርሻም፣ በእሷም።»

እጃቸውን አነሱ። ጉንጬን አዘጋጀሁ፤ ይገባኛል። ኃይለ ጊዮርጊስ ከአልጋው ሆኖ «ተዪው እማዬ» አለ። «እሱ ያስቀመጠው አንድ ቀን ነው። እኔ ስንት ዓመት ራሴ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።» ወንጌላዊት ግን አየችኝ። ማየቷ ይበቃል። ጥፊው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ሀያ ሁለት ቀን የሠራኸውን አንድ ፌስታል አያፈርሰውም። መውደቅ አለ፤ በዚህ መንገድ የሄደ ሁሉ ወድቋል። የጎዳህ ቦንቦሊኖው ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ራስህን በረሃብ መቅጣትህ ነው። ሆድ ባዶ በሆነ ቁጥር ሱሱ ይበረታል። ለዚህ ነው በሰዓቱ ብላ የምልህ።»

እትዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ቁጣቸው የት እንደገባ እንጃ።

«እስቲ አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ» አሉ። «ይሄ የምትይው በሽታ እውነት ከሆነ፣ ወልደ ዮሐንስን እኔ ነኝ የገደልኩት?»

እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«አልጋ ላይ ሆኖ ‹ይበቃኛል እንኳየሁ› ይለኝ ነበር። እኔ ዳቦ በማር እያጠቀስኩ በሞቴ እለዋለሁ። ለኔ ብሎ ይውጥ ነበር። ሐኪሙ ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር፤ እኔ አላነብ፣ እሱ ዐይኑን በሽታው ወስዶታል፣ መሶብ ሥር አስቀመጥኩት። አሁን ልጄም ያንኑ ቃል ይለኛል። ይበቃኛል። ያን ቃል ስሰማ ሬሳው ይታየኛል። ልክ ነሽ ካልኩሽ ይቺን እጄን ምን ላድርጋት?»

ለካስ ሴትየዋ አልገባቸው ብሎ አይደለም የተከራከሩት። እንዳይገባቸው ፈርተው ነው። ስንቱ ሽማግሌ «የድሮው ይሻላል» ሲለን እኛ ግትር እንለዋለን፤ ከግትርነቱ በታች እንዲህ ያለ መቃብር ይኖር ይሆናል።

ወንጌላዊት አጠገባቸው ተቀመጠችና ያቺን እጅ ያዘቻት። «ያን ወረቀት ቁጭ ብሎ ያነበበልዎት ሰው ነበር?»

«ማን ያነብልኛል?»

«እንግዲያ ጥፋቱ ወረቀት ሰጥተን የሸኘነው የኛ ነው። እርስዎ የሰጡት ፍቅር ነው፤ የሚያውቁት ፍቅር ያ ብቻ ነበር። ለመሪጌታ አሁን የምናደርገው የለም። ለልጅዎ ግን ይቺ እጅ ገና ትጠቅማለች።»

«ምን ላድርግባት?»

«ይበቃኛል ሲልዎት ይመልሷት። ይሄ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እርስዎ መቼ ነው የሚበሉት?»

«እኔ? እናንተ ስትነሱ የተረፈውን ጓዳ ገብቼ እቀማምሳለሁ።»

«ቆመው?»

«ቆሜ።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

«እርስዎም መጋረጃ አለዎት እኮ እትዬ» አለች ወንጌላዊት።

ሽማግሌዋ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉና አለቀሱ። ሲጨርሱ «ክፍሉን ትለቂ ያልኩሽን እርሺው» አሏት።

አንድ የቀረቻቸው ጥያቄ ጾሙ ነበር፤ እሷን ደግሞ ነርስ አትመልስላቸውም። የንስሐ አባታቸውን አባ ኪዳነ ማርያምን ጠየቁ። አባ «ጾም ራስን መግረፊያ አለንጋ አይደለም። የታመመ ሰው በሰዓቱ ይብላ፣ መድኃኒቱን ይውሰድ፤ ከሥጋና ከቅቤ ከተከለከለ፣ ከሐሜት ደግሞ ሁላችሁም ብትከለከሉ፣ ይበቃል» አሉ። ሐሜት ሲሉ ማንን እንዳዩ አልናገርም።

ይሄ ሁሉ ከሆነ ስምንት ወር አለፈ። እንግዲህ ለውጡ ምን ጠቀመ ለሚለኝ ልንገር፤ የመጣሁበት ነውና። የኃይለ ጊዮርጊስ ስኳር ወደ ልኩ ቀርቧል፤ የእግሩ ጣቶች አሥሩም አሉ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ማኅሌት ላይ ሳይቀመጥ ያነጋል። ሸንቃጣ አልሆነም፤ ሁንም ያለው የለም። ሐሙስ ሐሙስ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ያወራል፤ መጀመሪያ «እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ ነበር፣ አሁን ቀኑን ራሱ ያስታውሰኛል። የማደርሰው እኔ ነኝ፣ በነጻ። የሚበላው ሲከፋው እንደሆነ እዚያ ነው ያወቀው፤ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ብሶበት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሁለቱንም ጊዜ በዚያው ቀን ነግሮናል፣ በማግሥቱም ቁርሱን በሰዓቱ በልቷል። ወንጌላዊት ስልክ ካላነሳች ለኔ ይደውላል፤ እኔ ባጃጄን አቁሜ ቀልድ አወራዋለሁ። ፍላጎቱ እንደ ዝናብ ነው፣ ትንሽ ከጠበቁት ያልፋል ይለኛል።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለ አትሳቁበት፣ «ሆዳም» አትበሉት። ስድብ ጠግቦ የተወ ሰው የለም። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ አብራችሁት ተቀመጡ፣ ይበቃኛል ሲል እመኑት። በሞቴ ብላችሁ አትግደሉት።

የወንጌላዊትን ነገር ካነሳችሁ፣ ለካስ አይከል ከተማ እጮኛ አላት፤ አስተማሪ ነው። እኔ በከንቱ ነው የተቃጠልኩት። አሁን ደግሞ በማላውቀው የአይከል ሰው እቀናለሁ። ሁሉም በሽታ በአንዴ አይድንም።

መጋረጃውን ያወረዱት እትዬ ራሳቸው ናቸው። ኃይለ ጊዮርጊስ ቀዶ በስፌት መኪናው ለባጃጄ የጎን መከለያ ሰፋልኝ። «ዐይን ከሚከለክል ዝናብ ይከልክል» አለ። ተሳፋሪ አበባውን ይወደዋል።

ያለፈው እሑድ ምሳ ላይ እንዲህ ሆነ። አራታችን አንድ መሶብ ከበናል፤ እትዬም ተቀምጠዋል፣ ገና እንደ እንግዳ ጠርዝ ላይ ነው የሚቀመጡት። አንዲት ጉርሻ አሳምረው ጠቀለሉና እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። እጃቸውን መሃል ላይ አቆሙ።

«ልጄ፣ ትፈልጋለህ?»

ኃይለ ጊዮርጊስ ሆዱን በእጁ ዳሰሰ። የሰው ቤት በር አንኳኩቶ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር። «ጠግቤአለሁ፣ እማዬ» አለ። እሱ ራሱ በቃሉ ተገርሞ ሳቀ።

የእትዬ እጅ አየር ላይ ቀረች። ሁለት ዓመት ሙሉ የቀናሁባት ያቺ እጅ፣ ያቺ ጉርሻ፣ አሁን ባለቤት የላትም። ዐይኔን ከሳህኑ አነሳሁ፣ አንገቴን አሰገግኩ፣ አፌን ከፈትኩ።

እትዬ እንኳየሁ ጉርሻዋን አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን መለሱና፣ ሁላችንም እያየናቸው፣ ራሳቸው ጎረሷት። ዐይናቸውን ጨፍነው በዝግታ አላመጡ።

«ውይ፣ እንዴት ያለ ሸጋ ወጥ ነው የሠራሁት!» አሉ። «ማንም አልነገረኝም እኮ።»

እኔ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።